ያልተበጠሰው ቺንጋ



ውድ ወጣቶች፣ ስለ አማና እንድጽፍላችሁ ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። አማና ሰፊ ባሕር ነው፤ ኡስታዞቻችን ከእኔ በተሻለ ያስተምሯችኋል። እኔ ሴራሚክና የእንጨት ወለል በማንጠፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሆኖም በዚህ ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞኝ ከረመ። ጥያቄው ስለ አሮጌው ፒክአፔ ነው፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁን ይነካል። እንዴት እንደሚነካችሁ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ስትሰሙ ትቆጡ ይሆናል፤ መብታችሁ ነው።

መኪናውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቶዮታ ቱንድራ፣ የ2006 ሞዴል፣ ባለ 4.7 ሊትር ቪ8 ሞተር። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ አዛውንት አሜሪካዊ ስገዛው 95,000 ማይል ሄዶ ነበር። ሰውየው ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አንድ ወፍራም ፖስታ አስጨበጠኝ። ዘይት የተቀየረበት፣ የፍሬን ሸራ የተቀየረበት፣ ጎማ የተገዛበት ደረሰኝ ሁሉ በየቀኑ ተደርድሯል። ከመካከሉ አንዱ ታይሚንግ ቤልቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በ89,400 ማይል ላይ መቀየሩን ይናገራል። ያኔ ወረቀት ማከማቸት የሚወድ ሽማግሌ መስሎኝ በልቤ ስቄበታለሁ።

ኮፈን ከፍታችሁ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ታይሚንግ ቤልት ማለት ኮፈኑ ሲከፈት ከውጭ የምታዩት ቺንጋ አይደለም። በሞተሩ ፊት በኩል በሽፋን ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ከታች በፒስተኖቹ የሚዞረውን ዘንግ ከላይ ቫልቮቹን ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት ዘንጎች ጋር ያስተሳስራል፤ ሁሉም በአንድ ምት እንዲዞሩ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ይህ ቺንጋ ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። በእኔው ዓይነት ላይ ግን ቫልቮቹና ፒስተኖቹ አንዱን ቦታ በየተራ ነው የሚጠቀሙበት። ምቱ ሲጠፋ ይጋጫሉ። ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታ ይወርዳል፣ ወጪው የአሮጌውን መኪና ዋጋ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ አምራቹ በየ90,000 ማይሉ ቀይሩት ይላል። ለመቀየር የሞተሩ ፊት በሙሉ ስለሚፈታ፣ የውሃ ፓምፑና ቺንጋው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎችም አብረው ይቀየራሉ። ዛሬ ቺንጋውን ቀይሮ ነገ ለፓምፑ ያንኑ ሁሉ መፍታት የሞኝ ሥራ ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ቆጣሪው 176,000 አለ። ቺንጋውም ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ጎማ ደግሞ በማይል ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል። የተጠየቅኩት ዋጋ 1,180 ዶላር ነው። ሌላው ቦታ ከዚህም ይበልጥ ነበር።

አንድ የቆየ ጓደኛዬ ነገሩን ሲሰማ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል? አሁኑኑ ሽጠው። ሞተሩ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ገዢው ካልጠየቀህ አንተን ምን ያስቀባጥርሃል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰላት የማያሳልፍ፣ እጁ የተፈታ ሰው ነው። ያለውም ከዚህ አገር ልማድ አይወጣም። በግለሰቦች መካከል ያገለገለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ ነው፤ አይቶ መግዛት የገዢው ፈንታ ነው።

አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩበት። ቺንጋው አልተበጠሰም። መኪናው ደህና ይሄዳል። ገና ያልተሰበረን ነገር «ጉድለት አለው» ማለት ይቻላል? በዓለም ላይ ሊበላሽ የማይጠብቅ ነገር የለም፤ ገበያ ላይ ያለው ቲማቲምም ሊበሰብስ ነው። ሻጩ ስለ እያንዳንዱ ቲማቲም ሞት ማወጅ አለበት?

የፊቅህ ሊቃውንት ኺያሩል ዐይብ የሚሉት መብት አለ። ገዢው ሲገዛ ያልተነገረውና ያላየው ጉድለት በዕቃው ላይ ቢያገኝ፣ የመመለስ ምርጫ አለው። ጉድለት ምን እንደሆነ የሚለኩትም በነጋዴዎች ልማድ ነው፤ ዋጋውን የሚቀንስ ነገር ጉድለት ነው። ይህ መለኪያ በጣም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ስለ ቺንጋ ፍልስፍና መጨቃጨቅ ቀርቶ አንድ ነጋዴ መጠየቅ ይበቃል። ጠየቅኩ። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ልጅ አውቃለሁ፤ «የዚህ መኪና ቺንጋ ጊዜው ደርሷል ብልህ ስንት ትቀንሳለህ?» አልኩት። ሳያስብ «አንድ ሺህ አምስት መቶ» አለኝ። እንግዲህ መልሱ ይኸው።

ልቤን የቆረጠው ግን እሱም አይደለም፤ ፖስታው ነው። የሰውየው የደረሰኝ ፖስታ አሁንም እኔ ጋ አለ፤ እኔም የራሴን ስጨምርበት ኖሬያለሁ። መኪናውን ብሸጥ ፖስታውን ለገዢው መስጠት አለብኝ። ታዲያ የ2012ቱን ደረሰኝ ከውስጡ ላውጣ ወይስ ልተወው? ብተወው ቆጣሪውን ያየ ሰው ሁሉ ደምሮ ይደርስበታል፤ ዋጋውን ይቀንሳል። ባወጣው፣ ያቺን ወረቀት የምትመዝዘው እጅ የእኔ እጅ ናት። በቀጥታ ብነግረውም ዋጋው በቺንጋው ልክ ይወርዳል። እንዲህ ሳሰላው፣ መሸጡ ምንም ትርፍ እንደሌለው ገባኝ። ትርፉ ያለው ዝምታው ውስጥ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የሸጥኩትን የሚተካ መኪና ያለ ወለድ ብድር መግዛት አልችልም፤ ወደሱ አልገባም።

መሸጥ ቀረ። የቀረው «ልቀይረው ወይስ ልጠብቅ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ከልጄ ጋር ተፋጠጥን።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ይማራል። እንደ እናንተ እዚህ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወረቀት አውጥቶ ካላሰላ አያምንም። «አባ፣» አለኝ፣ «90,000 አምራቹ ለጥንቃቄ ያስቀመጠው ቁጥር ነው። ከዚያም በላይ የሄደ ሞልቷል። በሚቀጥለው ዓመት የመበጠስ ዕድሉ ከመቶ አምስት ነው እንበል። ቢበጠስ አምስት ሺህ ዶላር ታጣለህ እንበል። የአምስት ሺህ አምስት ፐርሰንቱ 250 ነው። የ250 ዶላር ስጋት ለማጥፋት 1,180 ትከፍላለህ?»

ሒሳቡ ስሕተት የለውም። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። ግመሏን ስለ ማሰር ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን እሱንም እናንተንም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስለ ግመሏ አስተምረናችኋል፤ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ እኔ ግመሌን አስሬያለሁ። ጥያቄዬ ገመዱ ስንት ዓመቱ ነው የሚል ነው።

ማግስቱን ከሥራ ስመለስ ቤልትዌይ ላይ ሆኜ መልሱ መጣልኝ። (ቤልትዌይ ላይ ስለ ቤልት ማሰብ! ልጄ ይህን ቀልድ አልወደደውም።) በግራው መስመር ነበርኩ፤ ከኋላዬ አንዲት ትንሽ መኪና፣ ከኋላዋ ትልቅ የጭነት መኪና። ሞተሩ አሁን ቀጥ ቢልስ? መሪው ይከብዳል። ፍሬኑ አንድ ሁለቴ እንደ ልማዱ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ኃይል ብቻ ነው። ወደ ዳር ለመውጣት ሦስት መስመር ማቋረጥ አለብኝ። ልጄ ባሰላው ሒሳብ ውስጥ እኔ አለሁ፣ ገንዘቤ አለ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ግን የለችም።

ማታ ነገርኩት። «እሷንም መጨመር ይቻላል፣» አለኝ። «ኢንሹራንሶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።»

«ዋጋዋን ማን ይተምናል? ተጠይቃ ፈቅዳለች?»

«እንዲህ ከሆነማ ጭራሽ አትንዳ። አዲስ መኪናም ሰው ይገጫል።»

እዚህም ላይ እውነት አለው። መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ በሌላው ላይ ትንሽ ስጋት ይጭናል። ያገኘሁት መልስ ይህን ያህል ነው፦ መንገድ ላይ ያለን ሰዎች ሳንተዋወቅ አንዳችን ባንዳችን ላይ ተማምነን ነው የምንነዳው። ሴትዮዋ ከኋላዬ ስትነዳ፣ ማድረግ የሚገባኝን አድርጌያለሁ ብላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ቀደር ነው። ማድረግ እንዳለብኝ እያወቅኩ፣ ደረሰኙ ፖስታዬ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያዳንኩት 1,180 ዶላር ግን የእሷ ስጋት የተጨመረበት ነው። በእሷ ስጋት እኔ ቆጠብኩ ማለት ነው። ልጄ አልተስማማም፤ ግን ዝም አለ። ለሱ ዝም ማለት ብዙ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

1,180 ዶላሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የቤቷ ጣራ ቆርቆሮ ዝጎ በየቦታው ተበስቷል። ክረምት ሳይገባ ላስቀይርልሽ ብዬ 1,000 ዶላር ቃል ገብቼላት ነበር። የነበረኝ በጠቅላላው 1,700 ነው። ደግሜ ደጋግሜ ሳስበው የሚገርመኝ፣ የእሷም ጥያቄ የእኔው ዓይነት መሆኑ ነው፦ ጊዜው የደረሰ፣ ነገ ሊያፈስ ያለ፣ ዛሬ ግን ገና የቆመ ነገር። የእኔ ቺንጋ ከእሷ ጣራ በምን ይበልጣል? መኪናው እንጀራዬ ነው፤ እሱ ከቆመ ለእሷም የምልከው የለም፤ እውነት ነው። ግን ይህ ክርክር በጣም ይመቻል፤ ለራሴ ያወጣሁትን ሁሉ «ለእናንተው ነው» እያልኩ ማሳመር እችልበታለሁ። ውጭ አገር ስንኖር የለመድናት ክርክር ናት፤ እናንተም ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ ሲሏት ሰምታችሁ ይሆናል።

እንዲህ እንደተወዛገብኩ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። «ቺንጋውን ከማዘዛችን በፊት ከሥር ልየው» አለኝ። ለምን እንደሆነ ሲያስረዳ እንዲህ አለ፦ ሻንሲው በዝገት ከተበላ ሞተሩ ላይ አንድ ዶላር ማውጣት ከንቱ ነው፤ በሰሜኑ አገር በረዶ ላይ የሚረጨው ጨው ስንቱን ደህና ሞተር ያለው መኪና ከሥር በልቶታል። በመዶሻ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አደረገው። ድምፁ ጠንካራ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ የፊቱን በክሪክ አንሥቶ ከጎማው ሥር የብረት ዘንግ አስገብቶ ወደ ላይ ሲያነሣው፣ ጎማው ቁጭ ብድግ አለ። «አየህ?» አለኝ። የታችኛው ቦል ጆይንት ነው፤ ጎማው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲዞር የሚያደርገው፣ ክብደቱን የተሸከመው አንጓ። ላልቷል።

«ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ካለህ ለዚህ አውጣ፣» አለኝ። «ቺንጋው ቢበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ኪስህ ነው። ይሄ ከቦታው ከወጣ ግን ጎማው ይታጠፋል፤ መሪ የሚባል ነገር አይኖርህም።»

«መቼ ጀመረው?»

«የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም። ወራት ነው።»

ቤቴ ገብቼ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አወጣሁ። ለቺንጋው ቁጥር አለው፣ «ቀይር» ይላል። ለቦል ጆይንቱ የሚለው ግን «መርምር» ነው። ቀይር የሚለውን ትእዛዝ ሰው ይፈራዋል፤ ቁጥር አለው፣ ዋጋ አለው፣ ቀኑ ይደርሳል። መርምር የሚለውን ደግሞ ማንም አይፈራውም። ለሳምንታት ስለ ቺንጋው ስከራከር፣ ሕሊናዬ ንቁ የሆነ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ ላለችው ሴትዮ ተቆርቁሬ ልጄን ስሰብክ፣ ከእግሬ ሥር ያለውን አንድም ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ተለጣፊ መስተዋቱ ላይ አለ፤ ካለፈው ዓመት መሐል ጀምሮ። እሱን እያየሁ ደህና ነኝ እል ነበር። ተለጣፊው ስለዚያ ቀን ነው የሚናገረው፤ ከዚያ በኋላ ስላሉት ወራት አያውቅም።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሰው ነበር። መጀመሪያ የኤንትሬ ረዳት፣ በኋላ ሾፌር ሆኖ ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይመላለስ ነበር። እናንተ ረዳት የሚባለውን ሥራ አላያችሁትም። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር የሚሸጉጠው ነው፤ የስንት ሰው ነፍስ በዚያች ቁራጭ እንጨት ላይ ነበረች። ትንሽ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ እስከ ሚሌ አብሬው ሄጃለሁ። በቆመ ቁጥር ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ይመታቸውና ድምፃቸውን ያዳምጣል። ሻይ ቤት ስንቆምም፣ ለሰላት ስንቆምም። ሰልችቶኝ «አሁን ባቲ ላይ ደህና ነበሩ እኮ» አልኩት። «እሱማ ባቲ ላይ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

እንግዲህ እናንተን የሚመለከተው ይኸው ነው። በረመዳን መኪናውን ስትጠይቁኝ ቁልፉን ስሰጣችሁ ነበር። አምስት ሆናችሁ፣ ከኋላ የሾርባና የሩዝ ድስት፣ የሳንቡሳ ካርቶን ጭናችሁ፣ አዛን እንዳይቀድማችሁ እየተጣደፋችሁ በ395 መንገድ ስትሄዱ፣ ያ ቦል ጆይንት ላልቶ ነበር። መካኒኩ ወራት ነው ካለ፣ ያኔም ነበር ማለት ነው። ቁልፉን ስሰጣችሁ ደግሞ «ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ወጣት ናችሁ» ብዬ መክሬያችሁ ነበር። መምከሬን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። ምንም አልደረሰም። ምንም አለመድረሱ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ለአንዳንዶቻችሁ ወላጆች በአካል ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛው አባት ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየና «አላህ ጠበቃቸው» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሌላዋ እናት አልጨበጠችኝም።

ያልተነገራችሁ ካላችሁ ይኸው ተነገራችሁ። ዐውፍ በሉኝ።

ቦል ጆይንቶቹ በሁለቱም ጎን በዚያው ቀን ተቀየሩ፤ 420 ዶላር። ለቺንጋው ሦስት ሳምንት ቀጠሮ ነበረ፤ እስከዚያ መኪናውን ቤት አቁሜ በጓደኛዬ ቫን ሠራሁ። ያ «ሽጠው» ያለኝ ጓደኛዬ ነው ቫኑን ያዋሰኝ፤ ቤንዚኑን እንኳ አላስከፈለኝም። ሰው አንድ ወጥ አይደለም።

በመሐሉ ለእህቴ ደወልኩ። በሦስቱ ሳምንት ሠርቼ ካገኘሁት ጋር አደራርጌ ልልክላት የምችለው 400 ብቻ መሆኑን ነገርኳት። ስለ ቺንጋው ላስረዳት ስጀምር «ወንድምጋሼ፣ አብሽር፣ መኪናህን አሠራ» አለችኝ። የረዳት ልጅ ናት፤ ይገባታል። ግን ከመናገሯ በፊት ትንሽ ዝም ያለችው ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በ400ው የመኝታ ክፍሉ ጣራ ተቀየረ። ማድ ቤቱ ላይ ፕላስቲክ ወጥረው ክረምቱን አሳለፉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣራው አንሥታ አታውቅም፤ እኔም ቢጠቅማት ብዬ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ይከብደኛል።

የቺንጋው ቀን ልጄ አብሮኝ መጣ። መካኒኩ የወጣውን ቺንጋ ሰጠን። ልጄ ገልብጦ ገልብጦ አየው፤ ጥርሱ አልተበላም፣ የተሰነጠቀ ቦታ የለውም። ምንም አላለኝም፤ ብቻ በሁለት እጁ ዘርግቶ አሳየኝ። የውሃ ፓምፑ ላይ ሮዝ መልክ ያለው የደረቀ ነገር ነበረበት፤ ውሃው ማዝመም ጀምሮ እንደነበረ ምልክት ነው። ቺንጋው ግን ደህና ነበር። መካኒኩን «ስንት ጊዜ ይቆይ ነበር?» አልኩት። «ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም» አለኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት የእህቴን ማድ ቤት ነው።

ይህ የጥገና ባሕርይ ነው፤ ልመዱት፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገና ልለምደው ነው። ችግረኛ ስታበሉ የበላውን ታያላችሁ። ጣራ ስታስቀይሩ አዲሱን ቆርቆሮ ታያላችሁ። በጊዜው የቀየራችሁት ቺንጋ ግን ምስክር አያቆምላችሁም፤ የሚቀራችሁ ያልሆነ ነገር ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ ፎቶ አይነሣም። ለዚህ ይመስለኛል መስጂዳችን ምንጣፍ እንግዛ ሲባል በአንድ ጁምዓ ገንዘቡ የሚሞላው፣ የማሞቂያው ማሽን ይታደስ ሲባል ግን ኮሚቴው ሦስት ጁምዓ የሚለምነው። የድሮዎቹ ሊቃውንት ይህን የሰው ድካም በደንብ ያወቁት ይመስላል። የወቅፍ ንብረት ገቢ ሲገኝ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ንብረቱን ለማደስ ነው ብለዋል፤ ለተጠቃሚው የሚከፋፈለው ከዚያ የተረፈው ነው። ወቅፉን የሰጠው ሰው ይህን ባይጽፍም እንኳ። ድሃው በር ላይ ቆሞ እያለ ለጣራ ምስማር ማስቀደም ጨካኝ ይመስላል። ግን ጣራው ከወደቀ የነገውም ድሃ የለውም።

የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካና ለሐጅ ሰዎች ያስወጣችውን ውሃ ሁላችንም በስሟ እናውቃለን፤ ዐይኑ ዙበይዳ። ያ ቦይ ከእሷ በኋላ በየዘመኑ ደለል እየሞላው ሲደርቅ፣ በየዘመኑ የጠረጉትና ያደሱት ሰዎች ነበሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማ ብዙ ገንዘብ አውጥታ አሳድሳዋለች። ስሙ ግን ዛሬም ዐይኑ ዙበይዳ ነው። ሚህሪማ ይህን ሳታውቅ ያደረገችው አይመስለኝም።

ታዲያ እህቴን በዚህ ላጽናናት? አልችልም። የወቅፉ ሕግ ለወቅፍ ነው፤ የእኔ መኪና ወቅፍ አይደለም፤ የእኔ ናት። ለራሴ ሲሆን «ጥገና ይቅደም» ማለት ቀላል ነው። እህቴም የራሷን ጥገና ነበር የጠየቀችኝ። በሁለቱ መካከል ስመርጥ የመረጥኩት ከኋላዬ ላለችው ሴትዮ ብዬ ነው ወይስ ለእንጀራዬ ብዬ፣ ኒያዬን አላህ ያውቀዋል። ሁለቱም ነበሩበት። ለሚቀጥለው ክረምት ለማድ ቤቱ በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ዶላር በፖስታ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ የደረሰኙ ፖስታ አጠገብ።

መኪናውን ዛሬም ለጀማዓው አውሳለሁ። ግን አንድ ነገር ቀየርኩ። ከክሩስኮቶው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። መኪናውን የወሰደ ሁሉ ሲወስድና ሲመልስ ማይሉን ይጽፋል፤ ከመንዳቱ በፊት ጎማዎቹን ዞሮ ያያል፤ ሲነዳ የሰማው ድምፅ ወይም የተሰማው መንቀጥቀጥ ካለ ያሰፍራል። ለምን እንደሆነ ስላልነገርኳችሁ አንዳንዶቻችሁ «የእንግዳ መዝገብ» እያላችሁ ስትቀልዱበት ሰምቻለሁ፤ አንዱም ስለ መቀመጫው ምቾት አምስት ኮከብ ሰጥቶኛል። ጀዛከላህ።

ያለፈው እሑድ ከእናንተ አንዷ ለሰርግ ወንበር ልታመላልስ ወስዳው ነበር። ማታ ደብተሩን ስከፍት በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «ወደ ግራ ሲዞር ትንሽ ድምፅ አለው፣ ከፊት በኩል»። ወጣሁና ግቢው ውስጥ ሁለቴ አዞርኩት። እኔ አልሰማሁም። ልጄን ጠርቼ እሱ እየነዳ እኔ በእግሬ ከጎማው ጎን ሄድኩ፤ አለ። ለቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እስከዚያ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም።